ቪዮላ ስትጨርስ

«ዛሬ አጠገቤ አትቀመጪ» ልትል ነበር ቪዮላ። ገና «ዛሬ» ከማለቷ ግን የክፍል ጓደኛዋ አጋታ ቀደመቻት። «ዛሬ ፈርቻለሁ ልትዪ ነው አይደል? አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ።» ቪዮላ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀችና እንደገና ሀ ብላ ጀመረች።

የአጋታ ነገር እንዲህ ነው፤ ልቧ ወርቅ፣ አፏ ግን ጥድፊያ። ቪዮላ ስትወለድ አየር አጥሯት ስለነበር ቀኝ እጇና ምላሷ በግድ ነው የሚታዘዟት። አእምሮዋ ግን ምላጭ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ኪዮጃ፣ የጣሊያኗ የባሕር ዳር ከተማ፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ የድጋፍ መምህሯ ፕሮፍ ዛኒን ለክፍሉ ልጆች ቪዮላን ማገዝ የሁላችሁም ሥራ ነው ብለዋቸው ነበር። ልጆቹም ነገሩን አጥብቀው ያዙት፣ እንዲያውም አበዙት። እሷ «ው...» ስትል አንዱ ውሃ ይዞላት ይሮጣል፣ ሌላው ወደ ውጭ ይወስዳታል። የፈለገችው ግን ውጤቷን ማየት ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ ጫፉ ተናግራ አታውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ የማጠቃለያው የቃል ፈተና ነው። መምህራን በረድፍ ይቀመጣሉ፣ ተማሪው ፊታቸው ይሆናል፣ መስማት የፈለገ ጓደኛ ደግሞ ከኋላ ወንበር አይከለከልም። አጋታ ከጎኗ ሆና ቃል እንድታቀብላት ተፈቅዷል። ነገር ግን መስከረም ላይ ለምትገባበት ትምህርት ቤት በሚላከው ወረቀቷ ላይ «በቃል አትጠየቅ» የሚል መስመር ተረቋል። አስቡት እስቲ፣ እዚያ የምትማረውን አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም ሳይጠይቃት! መስመሩ የሚሰረዘው ዛሬ ብቻዋን ተናግራ ከጨረሰች ነው።

ከብዙ ሙከራ በኋላ አጋታ፣ ቪዮላ ብቻዋን መቅረብ እንደምትፈልግ ሲገባት ፊቷ ቀላ። «ሦስት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነው?» አለችና አኩርፋ ሄዳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቪዮላ አዘነችላት። ቢሆንም አልጠራቻትም።

ርእሷ የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነበር። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ስለሆነ ውሃውን ከመጽሐፍ ይልቅ ከጀልባ ነው የምታውቀው። በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሞላ፣ ሁለት ጊዜ እንደሚጎድል ቃል በቃል እየጎተተች አስረዳች። ላብ በጀርባዋ ወረደ። አንዱ መምህር ሰዓቱን አየና እንዳላየ ሆነ። ከዚያ ባለፈው ኅዳር ቤታቸው እስከ ጉልበት የተጥለቀለቀበት ቀን ላይ ደረሰች። «ያን ቀን... ውሃውን... ያመጣው...» አለችና ምላሷ ተያዘ።

ቪዮላ ገፋች፣ ቃሉ አልወጣም አለ። ከሌላ ከተማ የመጡት የፈተናው ሰብሳቢ አንጀታቸው አልችል ብሎ ጎንበስ አሉ። «ጨረቃ ናት አይደል፣ የኔ ልጅ?» አሏት በደግነት።

በእሺታ ራሷን ብትነቀንቅ ኖሮ በተገላገለች። ውጤቱም አይበላሽም፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማችና ዞረች። አጋታ ብድግ ብላለች። አበቃልኝ፣ ልትናገርልኝ ነው ብላ አሰበች። አጋታ ግን በሁለት እጇ አፏን ግጥም አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቆማለች። ቪዮላ ሳቋ መጣ፤ ሲስቁ ደግሞ መንጋጋ ይላላል።

«አይ፣» አለች ወደ ሰብሳቢዋ ዞራ። «ጨረቃማ... ሁሌም... አለች። ያን ቀን... ቤታችንን... የሞላው... የደቡብ ነፋስ ነው። ውሃው... ወደ ባሕር... እንዳይመለስ... ይገፋዋል።»

ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እኔ እኮ ይህን አላውቅም ነበር» አሉ። ከዚያ ስለ ነፋሱ ጠየቋት፣ ስለ ጀልባው ጠየቋት፣ መልሱንም እስኪያልቅ ጠበቁ። የሩብ ሰዓቱ ፈተና አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሲያበቃ ፕሮፍ ዛኒን ወረቀቱን ገለጡና ያቺን መስመር ሁሉም እያየ ሰረዟት። ቪዮላ በደስታ ጮኸች፣ ለመጮህ ደግሞ ምላሷ ችግር የለበትም።

ውጭ አጋታ አቀፈቻት። «ጨረቃ ልል ነበር እኮ፣ አፌን ባልይዘው!» አለቻት። እየተሳሳቁ አይስክሬም ሊገዙ ሄዱ። ሻጩ ሽማግሌ እንደ ልማዳቸው አጋታን፣ «ለእሷስ ምን ላድርግላት?» አሏት።

አጋታ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። «እኔ ምን አውቄ፣ እሷን ይጠይቋት» አለች።

ቪዮላ ዞር ብላ ሰልፉን አየች። ስምንት ሰው ቆሟል፣ ፀሐዩም ያቃጥላል። እስከ ዛሬ የሰጧትን ቫኒላ ዝም ብላ ስትበላ ነው የኖረችው። ጠረጴዛውን በግራ እጇ ያዝ አድርጋ በደንብ ቆመች።

«ሦስት... ዓይነት... ነው... የምፈልገው» ብላ ጀመረች።