ጥቅልሏ ቅጠል

ዝናቡ የያዛቸው ገና ከድልድዩ ሳይርቁ ነው። ያዛቸው ማለት እንኳ ያንሳል፤ ሰማዩ እንዳለ ላያቸው ላይ ተደፋ። ሴንግፌት ፕላስቲኳን አንገቷ ላይ አስራ፣ ቆንጨራዋን ከወገቧ መዝዛ ዳገቱን ተያያዘችው። ከኋላዋ ማኒቮን ነጭ ሸራ ጫማ ተጫምታ፣ ቢጫ ጃንጥላ ዘርግታ፣ እንደ ሙሽራ እየተንቀረፈፈች ትከተላለች። ነጭ ሸራ ጫማ! ጭቃው ሰው በሚውጥበት ተራራ!

ማኒቮን የመጣችው ከሉዋንግ ናምታ ከተማ፣ ከአንድ አስጎብኚ ቢሮ ነው። ሥራዋ ለፈረንጆች ጉዞ ማቀድ ነው። የት እንደሚያድሩ፣ የት ወፍ እንደሚያዩ፣ የት ላይ አፋቸውን ከፍተው እንደሚደነቁ ሁሉ የምትወስነው እሷ ናት። ሐሳብ በመጣላት ቁጥር ቀጥ ብላ ቆማ ለስልኳ ታወራለች።

«እዚህ ጋ እንግዶቹ አረፍ ብለው ሸለቆውን ያያሉ።»

«እዚህ ጋ እንግዶቹን አልቅት ይመጣቸዋል በይበት» አለች ሴንግፌት ዞር ሳትል። «ጫማሽን እስቲ እዪው።»

ማኒቮን አየች። ጩኸቷ ጫካውን አናጋው። ነጩ ጫማ ላይ ደም የጠገቡ አልቅቶች ተንጋለዋል።

«አንቺ ልጅ፣ አውጪልኝ! በእናትሽ አውጪልኝ!»

«ሲጠግቡ ራሳቸው ይወርዳሉ። የከተማ ሰው መሰሉሽ እንዴ፣ በልተው የማይነሱ?»

እንዲህ ትበል እንጂ ሴንግፌት ይህችን ሴት ትፈልጋታለች። ከላይ፣ ደመናው ውስጥ፣ ሆይኬት የሚባል፣ የነሴንግፌት ወገን የሆኑት የክሙ ሰዎች መንደር አለ። ከመንደሩ ጀርባ ባለው ጫካ ጎህ ሲቀድ ረጃጅም ክንድ ያላቸው ጭራ የለሽ ጦጣዎች ይዘፍናሉ፤ ባልና ሚስቱ እየተቀባበሉ። ያንን ለመስማት ፈረንጅ ባሕር ያቋርጣል። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ሎም ግን አስጎብኚ ሁሉ እየመጣ ሲያደርቃቸው ጊዜ ቁርጡን ተናገሩ፤ «በአዲሱ ሩዝ በዓል መጥቶ ከሩዝ መጠጡ ገንቦ ቀድሞ የጠጣ፣ የጦጣዎቹ መንገድ የሱ ነው። የቀረው ፊቱን እንዳያሳየኝ።»

በዓሉ ዛሬ ነው። ሴንግፌት ከቀደመች፣ መንገዱን የምትመራው እሷ፣ እንግዳ የምትልክላት ማኒቮን። ካልቀደመች እንደ እስካሁኑ፣ እስክታረጅ የአስጎብኚውን የቡንታቪን ሻንጣ ትሸከማለች።

ቡንታቪ! ስሙን ስታስበው እንኳ ምራቋን ትተፋለች። ቀይ ኮፍያ፣ የሚያብረቀርቅ መነጽር፣ ትከሻው ላይ የማይለየው ድምፅ ማጉያ። ጫካ ውስጥ ሙዚቃ ይለቅና «ዛሬ ጦጣ የለም፣ አየሩ ነው» ይላቸዋል እንግዶቹን። ሴንግፌት ያንን ድምፅ ማጉያ በጀርባዋ ተሸክማለች። ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ላይ ሲያልፋቸው በሳቅ እየፈነዳ ነበር።

«ሴንግ! ሻንጣዬን ረሳሽው እኮ!»

«ራስህ ተሸከመው፣ ጌታው! ትከሻ ካለህ!»

ይህ ጀግና ታዲያ ቅጠል ይፈራል። እውነት ነው። ክሙ ሁሉ በየጎሳው የማይነካው ነገር አለው። የሴንግፌት ጎሳ ነብር ነው፤ ይኼ እንኳ ደግ ነው፣ ድሮስ ነብር ማን ይነካል? የቡንታቪ ጎሳ ግን ያቺ ወንዝ ዳር የምትበቅል፣ ጫፏ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚጠቀለል ቅጠል ናት። አይበላትም፣ አይቆርጣትም፣ እጁም አይነካትም። አምና ሴንግፌት ረስታ ሾርባ ውስጥ ብትጨምራት፣ ድስቱን እንዳለ በእግሩ ብሎ ገደል ከተተው። እንግዶቹ ጦማቸውን አደሩ። ሴንግፌት ያን ቀን በሆዷ ሳቀች። የአሮጊት ተረት የሚፈራ ወንድ!

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ሴንግፌት ቀጥ አለች። ወደ መንደሩ በሚያስገባው መንገድ ላይ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ በተወጠረ ሐረግ፣ ታሌው የሚሉት ምልክት ተንጠልጥሏል፤ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተጠለፈ ኮከብ። መሃሉ ላይ የሙዝ ቅጠል ቁራጭ ተሰክቷል።

«ያምራል!» አለች ማኒቮን ስልኳን አውጥታ። «እንግዶቹ እዚህ ጋ ፎቶ...»

«እንግዶቹ እዚህ ጋ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ! ታሌው ነው። መንደሩ ተዘግቷል ማለት ነው። በዚህ ሥር ያለፈ ሰው አንድ አሳማ ቅጣት ይከፍላል፣ በዓሉም ይበላሻል። አያ ሎም ዳግመኛ ዓይናችንን አያዩም።»

«ቡንታቪስ? ቀድሞን ነበር እኮ።»

«ሳይዘጋ ገብቶ ይሆናላ! እድለኛ ነው፣ ውሻ!»

ተናዳ መንገዱ ዳር ያለ ጉቶ በእርግጫ መታች። እሷ በዚህ ሁሉ አታምንም፤ ኮከብ ሰቅሎ መንፈስ ማገድ ዝንብን በመረብ እንደማገድ ነው። አያ ሎም ግን ያምናሉ፣ መንገዱ ደግሞ ያለው በእሳቸው አፍ ነው። የቀረው አንድ ብልሃት ነው። መንደር ሲዘጋ እንግዳ ሰው፣ የመንደሩ ሴቶች ውሃ በሚቀዱበት በኩል መጥቶ ከሩቅ ይጣራል፤ ሰው ወጥቶ ያነጋግረዋል። እዚያ ለመድረስ ግን ገደሉን ወርዶ ወንዙን መሻገር ነው።

«ትችያለሽ?» አለቻት ጫማዋን እያየች።

«ካልቻልኩስ ትሸከሚኛለሽ?»

«እኔ መሸከም ትቻለሁ።»

ወረዱ። መውረድ ካሉት ነው፤ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በቂጥ። ቀርከሃው ፊታቸውን ይገርፋል፣ እሾሁ ልብሳቸውን ይቦጭቃል፣ የያዙት ሥር ሁሉ እየተነቀለ እጃቸው ላይ ይቀራል። ታች ወንዙ ቡና መስሎ ግንድ እየተሸከመ ያገሳል። ሴንግፌት ረጅም ቀርከሃ ቆርጣ አንዱን ጫፍ ለማኒቮን ሰጠቻት።

«ከለቀቅሽው ቬትናም ነው የምትወጪው። ያዢ!»

መሃል ላይ ውሃው ደረታቸውን ሲመታ የማኒቮን እግር ከዳት። ጭንቅላቷ ጠለቀ፣ ወጣ፣ ደግሞ ጠለቀ። ሴንግፌት ቀርከሃውን በብብቷ ቆልፋ፣ እግሯን ድንጋይ ሥር ወትፋ፣ ክንዷ ሊገነጠል እስኪደርስ ጎተተች። ዳር ላይ ሲወድቁ ማኒቮን ውሃ እየተፋች አንድ እጇን አነሳች። ጃንጥላውን አልለቀቀችውም።

«ነፍስሽ እየወጣ ጃንጥላ?»

«የእናቴ ነው» አለች ማኒቮን እየተንቀጠቀጠች። «አፍሽን ያዢ።»

ሴንግፌት እጇን ዘርግታ አነሳቻት።

ዳገቱን አጋምሰው ሳለ ከላያቸው ቅርንጫፍ ተሰበረ። ደረቱ ላይ ነጭ ጨረቃ ያለበት ጥቁር ድብ ፍሬ ሲለቅም ደርሰውበት ኖሯል። ግንዱን እየቦጨቀ ተንሸራቶ ወረደና መንገዱን ዘግቶ በኋላ እግሮቹ ቆመ። ትንፋሹ ይሸታል። ሴንግፌት ቆንጨራዋን ፈለገች፤ ወንዙ ወስዶታል። የነብር ዘር ነኝ ባይዋ እንደ ሙቀጫ ተተክላ ቀረች።

ድቡ አንድ እርምጃ መጣ።

ያኔ ከጎኗ ቷ! የሚል ድምፅ ፈነዳ። ማኒቮን ቢጫውን ጃንጥላ በድቡ አፍንጫ ፊት ዘርግታው፣ በዚያ በአልቅቱ ጩኸቷ «ሂድ! ሂድ ከዚህ!» እያለች ወደፊት ትራመዳለች። ድቡ እንዲህ ያለ አበባ በሕይወቱ አላየም። አፈገፈገ፣ አነጠሰ፣ ዞሮ ቁጥቋጦውን እየሰባበረ ፈረጠጠ።

ከዚያ ማኒቮን ስልኳን አወጣች፤ ውሃ ጠጥቶ ሞቷል። ሆኖም ለሞተው ስልክ ተናገረች።

«እዚህ ጋ እንግዶቹ... አይመጡም።»

ሴንግፌት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ «እህቴ ማኒ» አለቻት። እስካሁን «አንቺ» ነበር የምትላት።

ረሃብ ሲጠናባቸው የረጠበ ሩዛቸውን አወጡ። ሴንግፌት ከአንድ ምንጭ ዳር ከበቀለችው ከጥቅልሏ ቅጠል እፍኝ ቀጥፋ ለማኒቮን አካፈለቻትና በቃሪያ ድልህ ታኝክ ጀመር።

«በጥሬው ይበላል?» አለች ማኒቮን።

«ሲርብ ምን የማይበላ አለ? እንደ ቡንታቪ ጎሳሽ ካልሆነች በቀር...»

አፏ ውስጥ ያለው እንዳለ ቀረ።

«ምን ሆንሽ? ድቡ ተመለሰ እንዴ?»

«እህቴ ማኒ፣ ታሌው ላይ የተሰካው ቅጠል ምን ነበር?»

«የሙዝ አይደል?»

«ሆይኬቶች የሙዝ አይሰኩም። ከአያት ከቅድመ አያት ይችን ነው የሚሰኩት፤ ጥቅልሏን። አገር ያውቃል። ይችን መንካት ፈርቶ የሙዝ የሚሰካ አንድ ቅጠል ፈሪ ብቻ ነው!» ብድግ አለች። «መንደሩ አልተዘጋም። ውሸት አንጠልጥሎ ገደል ሰደደን! እኔ ጅሏ ደግሞ ዓይኔ እያየ! ተነሺ!»

የቀረችውን እፍኝ ቅጠል ጉያዋ ከትታ ዳገቱን በእጅም በእግርም ወጣችው። ማኒቮን ጫማዋን አውልቃ ወረወረችውና በባዶ እግሯ ተከተለቻት።

መንደሩ ሲደርሱ ከበሮው ይመታል። ገንቦው መሃል ላይ ቆሟል፤ ረጃጅም የሸምበቆ መምጠጫዎች ከአፉ ወጥተዋል። አያ ሎም ምርቃታቸውን ሊጨርሱ ነው። ቡንታቪ ደግሞ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጨዋ መስሎ፣ አንዱን ሸምበቆ ይዞ ተንበርክኳል።

«አያ ሎም!» ሴንግፌት ጮኸች። «መንደሩ ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው?»

ከበሮው ቆመ።

«ክፍት ነው እንጂ! ዛሬ ማን ይዘጋዋል፣ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው። «ደግሞ ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ ጭቃ የለበሳችሁት?»

«ታሌው ተሰቅሎብን ነው፣ መገንጠያው ላይ። ገደሉን ዞረን መጣን።»

ሰዉ አጉረመረመ። ሽማግሌው የላኩት ሰው እየሮጠ ሄዶ ኮከቡን ይዞ እስኪመለስ ማንም አልጠጣም። አያ ሎም አገላብጠው አዩት፤ የሙዙን ቅጠል በጥፍራቸው ነካ አደረጉ።

«ይኼ የኛ ሰው እጅ አይደለም።»

«ራሷ ጠልፋው ነዋ!» አለ ቡንታቪ እየሳቀ። «መሸነፏን ስታውቅ። የተሸካሚ ተንኮል ነው፣ አያ!»

«እኔ ነኝ?» ሴንግፌት ወደ እሱ ሄደች። «እኔማ ብሆን ኖሮ የሆይኬትን ቅጠል እሰካበት ነበር። ምን ያግደኛል? አንተ ግን ሞክር እስቲ። እንካ!»

ከጉያዋ አውጥታ ደረቱ ላይ ወረወረችበት። ቡንታቪ እባብ እንደነደፈው ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ሸምበቆው ከእጁ በረረ፣ መነጽሩ ከአፍንጫው ወደቀ፣ እሱም ዶሮዎቹ መሃል በጀርባው ተዘረረ። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዎቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

አያ ሎም ብቻ አልሳቁም። የወደቀውን ቅጠል አንድ በአንድ ለቀሙና ከቡንታቪ አራቁት።

«በቅጠሉ አትሳቁ» አሉ። «ቅጠሉ አልዋሸም።» ከዚያ ወደ ቡንታቪ ዞሩ። «የሰውን ሁሉ ክልክል መጫወቻ አደረግህ፤ የራስህን ግን መንካት አቃተህ። ነክተሃት ቢሆን ኖሮ ይኸኔ መንገዱ ያንተ ነበር። አሳማ ትከፍላለህ። ስትመለስም የነዚህን ሴቶች ዕቃ ትሸከማለህ።»

ሴንግፌትም መሳቋን ተወች። ለካ ያን ሁሉ ገደል፣ ያን ሁሉ ውሃ ከንቱ እንዳይቀር ያደረገላት ስትስቅበት የኖረችው የአሮጊት ተረት ነው። እሷ ራሷም ብትሆን ያንን ኮከብ አይታ የዞረችው የአሳማውን ቅጣት ፈርታ ብቻ ነበር? ሽማግሌው ሸምበቆውን ሲዘረጉላት ከመጠጣቷ በፊት፣ ማንም ሳያዛት፣ ታሌው ወደሚሰቀልበት ወደ መንደሩ በር ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ከገንቦው ሳበችና ሁለተኛውን ሸምበቆ ለ«እህቴ ማኒ» ሰጠች።

በማግስቱ ጦጣዎቹ ሲዘፍኑ ሰሙና ቁልቁለቱን ጀመሩ። ማኒቮን አሮጊቶቹ የሰጧትን የጎማ ጫማ አድርጋለች፤ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ ትወጋለች። ከኋላ ቡንታቪ ሻንጣ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሌላም ሻንጣ ተሸክሞ ያቃስታል።

«ቀስ በይ እንጂ ሴንግ!»

«አየሩ ነው፣ ጌታው!»

ቀትር ላይ ወንዝ ዳር እሳት አነደዱ። ሴንግፌት ለሾርባው ጥቅልሏን ቅጠል እፍኝ ሙሉ ለቀመች። ድስቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቡንታቪ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቁጭ ብሏል፤ የሚበላ ነገር እንደማይደርሰው አውቆ። ቅጠሏን ውሃው ላይ በተነቻት፣ እጇን ታጠበች፣ ሾርባውን በጨውና በቃሪያ ብቻ ቀቀለችው።

«ብላ» አለችው ሳህኑን ፊቱ ዱብ አድርጋ። «ቅጠል የለበትም።»

ሳህኑንም እሷንም አየ። «ለምን?»

«ሁለት ሻንጣ ይዘሃላ። ርቦህ ብትወድቅ ማን ሊሸከመው ነው?»