ናረ ስድስተኛን እስክትጨርስ

ዴቺዶንግ በሚባለው የማሠልጠኛዎች ሰፈራችን ውስጥ ልጅ ወልዶ እንቅልፍ የለም። እኔም የሦስተኛ ክፍሏ ልጄ ናረ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ትቀርብኛለች ብዬ ፈርቼ፣ ለትልቁ የሒሳብ ማሠልጠኛ መግቢያ ፈተና አስቀመጥኳት። ፈተናው የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የሰፈሩ እናት ሁሉ ልጇን ሦስት ዓመት አስቀድማ ታስጠናለች፤ እኔስ ከማን አንሼ!

ናረ ሳትጨርስ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ደረጃው ላይ አስመለሳት። ክው አልኩ።

የእህቱን ልጅ የሚጠብቅ አንድ ሰው መሀረብ ሰጣት። ሰፈራችን ካለው የቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ሒሳብ የሚያስተምረው ቴክሱ ነበር። መንደሪን ልጦ «በይ፣ ከእናትሽ ጋር እኩል ተካፈዪ» አላት። ብትቆጥረው አሥራ አንድ ክፋይ!

«አንዷን ለሁለት እንገምሳታ!» ብላ ሳቀች።

ሳቋን ከሰማሁ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ምን ልበላችሁ፣ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኑድል አብረን መብላት ጀመርን። ናረን ደግሞ ማሠልጠኛው ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ክፍል ውስጥ ተቀበላት። ጥፍሯን እስኪደማ ትነክስ ጀመር።

«መምህር፣ እርስዎ ጋር ላስገባት» አልኩት።

ኑድሉን ገፋ አደረገ። «የናረ እናት፣ እንደዚያ ከሆነ የእኛ ነገር አበቃ።»

«ለምን?»

«ከተማሪዬ እናት ጋር ስበላ ያየ፣ ‹ለናረ ያደላል› ይላል። እናቶቹ ልጆቻቸውን በሳምንት ውስጥ ያስወጣሉ፤ እሷንም አያሳርፏትም።»

እውነቱን ነው፤ ሰፈራችንን አውቀዋለሁ።

ታላቅ እህቴ ቦክሂ ጮኸችብኝ። «አብደሻል? ልጅቷ ማሠልጠኛውን ትለምደዋለች፤ ሰውዬውን አግቢው! ባል እንደ አውቶቡስ በየአሥር ደቂቃው የሚመጣ መሰለሽ?»

እሱን ማጣት ፈራሁ። ልጄን ማጣትም ፈራሁ። በማግስቱ ጠዋት ናረ ጫማዋን እያሰረች «እማዬ፣ ዛሬ ብታመም ይሻላል?» አለችኝ።

እጇን ይዤ ወደ ቶፉ ሱቁ ሄድኩ።

«እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው» አለ ቴክሱ ሳያየኝ። «እጠብቃለሁ» ልለው ፈልጌ የናረን ቦርሳ ብቻ አቀበልኩት።

ሦስት ዓመት በር ላይ ቆመን ስለ ቤት ሥራ ብቻ አወራን። አንዷ እናት እህቷን ልትድርለት ነው ሲባል ሰማሁ። መጠየቅ እንኳ አልቻልኩም፤ በምን አፌ?

የናረ የስድስተኛ ክፍል ምረቃ ዕለት አበባ ይዞ መጣ። ሰጣትና ወደ እኔ ዞረ። ሠርጉን ሊነግረኝ ነው አልኩ በልቤ።

«ኦክጁ» አለኝ።

ናረን ከወለድኩ ወዲህ ለሁሉም «የናረ እናት» ነኝ፤ ከእህቴ በቀር በስሜ የጠራኝ ሰው የለም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«የሰፈሩን እናቶች ወሬ አሁንም ትፈሪያለሽ?»

«እፈራለሁ እንጂ!» አልኩት። «ቢሆንም ና፣ እንሂድ።»