የላራኔጊ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሸክላ

ማቲን ኤቼቤሪ በላራኔጊ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መርማሪው ሳላቤሪ ከባዮን ከተማ ሲደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው፤ ገዳዩ ግንበኛው ላባርት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልፎች አንዱ እሱ ጋ ነበር፤ ከዚያም በላይ እንደ መንደሩ ሕዝብ ባስክ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ምሰሶ ላይ ጠፍረው አስረውታል። ማምሻውን ወደ ባዮን ከተወሰደ አንገቱን የሚያተርፍለት አይኖርም።

ሳላቤሪ ራሱ ባስክ ነው፤ የተወለደው ከተራራው ማዶ ነው። ይህም አልጠቀመውም፤ ሰላምታውን የመለሰለት አንድ አህያ ብቻ ነበር።

ማቲን የወደቀው ወንዶች ከሚያስቀድሱበት ከላይኛው የእንጨት ሰገነት ነው። መከታው እስከ ደረት ይደርሳል፤ አልተሰበረም። በላራኔጊ እያንዳንዱ ቤት በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ የራሱ የመቃብር ድንጋይ አለው፤ ከወደቀበት አንስቶ እስከ ቤቱ ድንጋይ የደም መስመር አለ፤ ተስቦ ሄዶ እዚያ ነው የሞተው። ድንጋዩ አጠገብ የዝናብ ውሃ አቁሯል። መርማሪው ቀና አለ። ኮርኒሱ ለጥገና በተነሳበት በኩል አንዲት የጣራ ሸክላ ጎድላለች። ጣራው ላይ ወጥቶ ሲያይ ከቀዳዳው ጎን በጥንቃቄ ተደግፋለች፤ ጫፏ እንኳ አልተሸረፈም።

«አንተ ነህ ያነሳሃት?» አለው ላባርትን።

«እኔ የተጠራሁት በር ልከፍት ነው፤ ጣራ ምን አገባኝ?»

በሯ በደቡቡ ግድግዳ የተደፈነች ዝቅተኛ በር ናት። ድሮ መንደሩ የሚጸየፋቸው ሰዎች ጎንበስ ብለው የሚገቡት በእሷ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ታሪክ ሲቆፍር የኖረው ማቲን በሯን አስከፍቶ፣ የማን ቤት አያቶች ይገቡባት እንደነበር እሑድ በስም ሊናገር ዝቶ ነበር። ሳላቤሪ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ የመንደሩ ቄስ አባ አሪስቴጊ ስለ አየሩ አወሩ። ስለ ሸክላዋ ሲጠይቅ ነፋስ ነው አሉት። ሁሉም ነፋስ ነው አለ።

ከሰዓት በኋላ ሰበሰባቸው። ሴቶቹ በየቤታቸው ድንጋይ ላይ፣ ወንዶቹ ሰገነቱ ላይ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ፤ ስለዚህ መርማሪው አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ መረመረ።

«እስከ ደረት የሚደርስ መከታ ሰው አይጥልም» አለ ሳላቤሪ፤ «ስለዚህ ተገፍቷል። ሲወድቅ ወዲያው አልሞተም። የገፋው ሰው ቆሞ ሲያጣጥር አይቶታል፤ ቄስ አልጠራም፣ ሐኪም አልጠራም፣ ሸክላ አነሳ። ነፋስ ሸክላ ይሰብራል እንጂ አስተካክሎ አያስደግፍም። በላባርት አገር ሰው ሲያጣጥር ሐኪም ይጠራል። ጣር ሲጸና ነፍስ እንድትወጣ የጣራ ሸክላ የምናነሳ እኛ ባስኮች ነን። የሚያነሳውም፣ በቀብር ላይ መስቀል የሚይዘውም፣ ከአያት ጀምሮ የተለየው የቤቱ የመጀመሪያ ጎረቤት ነው፤ ሌላ አይነካትም። የኤቼቤሪ ቤት የመጀመሪያ ጎረቤት ማነው?»

 አንዷ ሳለች፤ እሷንም ገላመጧት።

«ካልነገራችሁኝ እሺ። ቅርቡ የቤቲሪ ቤት ነው። ቤቲሪ፣ ና ውረድ።»

ቤቲሪ ገረጣ፤ ሆኖም ክብሩ ትንሽ ደስ ሳይለው አልቀረም። ይህን ያየው ሌላው የኤቼቤሪ ጎረቤት ጋኒሽ ሰገነቱ ላይ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ቤቲሪ ነው የመጀመሪያ ጎረቤት? አባቱ ለዚያ ቤት ለቅሶ ከኋላ ሲሰለፍ የኖረ ሰው! መስቀሉም የኛ ነው፣ ሸክላውም የኛ ነው፤ ከቅድመ አያቴ ጀምሮ።»

«ትናንትም?» አለ ሳላቤሪ።

«ትናንትም የኛ ነው።»

ከዚያ የገዛ ቃሉ ምን እንዳለ ገባው። መንደሩ በሙሉ ወደ መሬት አየ።

የቀረውን ሳይለመን ተናገረ። በበሯ ይገቡ የነበሩት የሱ አያቶች ናቸው፤ ይህ እሑድ ከተነገረ ልጁን ያጯት ሰዎች ይሸሻሉ። ሰገነቱ ላይ ማቲንን ለመነው፤ ማቲን ሳቀበት።

«ገፋሁት» አለ ጋኒሽ። «ግን ነፍሱን ጣራ ስር ዘግቼበት አልሄድም። ጎረቤቴ ነው።»

ላባርት ተፈታ። ይቅርታ ያለው የለም፤ ገመዱን ግን መልስ አሉት።

ሳላቤሪ የእጅ ሰንሰለቱን ሲያወጣ የማቲን ሚስት ማዳሌን ከድንጋይዋ ሳትነሳ ተናገረች።

«ነገ ቀብር ነው። መስቀሉን ይዞ ከሬሳው ፊት የሚሄደው ማነው?»

«ቤቲሪ ይያዘው እንጂ፣ እትዬ» አለ ሳላቤሪ።

«ቤቲሪ ጎረቤቴ አይደለም። ጋኒሽ ይያዘው። እስከ ጉድጓዱ ድረስ ከባሌ ፊት ይሂድ፣ እኔም ጀርባውን እያየሁ እከተላለሁ። ከዚያ በኋላ ያንተ ነው።»

ሳላቤሪ ሰንሰለቱን ወደ ኪሱ መለሰ።