ጀልባዋ በሸዋ በር

«ጠብቋል በዪ» አለ ዩሱፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባትሽ ሲጠይቁሽ እንዲያ ብቻ በዪ።»

ብርነሽ ከጀልባዋ ኋላ የተንጠለጠለውን ብረት በሁለት እጇ እንደያዘች ነበረች። ግራና ቀኝ ወዘወዘችው። ከፊት ያለው መሪ ንቅንቅ ሳይል፣ ብረቱ ሊወልቅ እንደደረሰ የወተት ጥርስ ወዲያ ወዲህ አለ።

«ላልቷል'ኮ።»

«አቦ ብርነሽ፣ ትንሽ ነው። ወላሂ ጭነት መኪና ላይ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም።»

ችግሩ ጭነት መኪና አለመሆኑ ነው። ጀልባ ናት፤ ያውም ሐረር ውስጥ። በ1962 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት በተሳቢ ተጭና በፈረስ መጋላ ስታልፍ ሻጩ ሱቁን፣ ገዢው ዕቃውን ጥሎ ነበር የወጣው። «የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ?» ያሉም አልጠፉ። የሰፈሩ ልጆች ከኋላ ከኋላዋ እየሮጡ ሸዋ በር አጠገብ እስካለው የጋሽ ሀብተወልድ ጋራዥ ድረስ ሸኟት።

ባለቤቷ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ዓለማያ ሐይቅ ዳር ሆቴል አላቸው። እሑድ እሑድ እንግዶቻቸውን ከነልጆቻቸው ሐይቁ ላይ ያንሸራሽሩባታል። የዚች ጀልባ ሞተር ከውስጥ ነው፤ ውሃውን የሚገፋው እግር ግን በውጭ በኩል ከኋላ ይንጠለጠላል። መሪው ሲዞር የሚዞረውም ያ እግር ነው። ሰሞኑን ታዲያ ወደ ቀኝ ሲሏት ትንሽ አስባበት የምትዞር ሆና አስቸገረች።

የብርነሽ አባት ጋሽ ሀብተወልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና እንጂ ጀልባ ጠግነው አያውቁም። አላፈሩበትም። ያን ሰኞ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሲዞሯት፣ ሲያጎነብሱ፣ ሲነካኩ ዋሉ። «መኪና ከፊቱ ይታዘዛል፣ ይቺ ከኋላዋ» ብለው ብቻቸውን ሳቁ። ሊመሽ ሲል አገኙት፤ እግሩ ከመሪው ክንድ ጋር የሚያያዝበት ቀለበት ውስጡ ተበልቶ ሰፍቷል። «ቶርኖ ቤት ይሂድና በልኩ የተቀረጸ የብረት ቡሽ ይግባበት» አሉና ሥራውን ለዩሱፍ ሰጡት።

ይህ ለዩሱፍ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ጋራዥ ሥራ በደረጃ ነው የሚሰጠው፤ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ሞተር፣ ከዚያ ፍሬን። መሪ የመጨረሻው ነው፤ መሪ የተሰጠው ሰው መካኒክ ተብሎ ይጠራል። ዩሱፍ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ነው የሚሠራው። ብርነሽን ብስክሌት መንዳት ያስተማራት፣ የብሎን ዳዶ ልኩን በጣቷ ጫፍ ለይታ እንድታውቅ ያደረጋት እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው ብላ ታምናለች።

ቶርኖ ቤቱ ግን ወረፋ በዛበት፣ ዩሱፍ ደግሞ ቸኮለ። ከዘይት ጣሳ ላይ ቆርቆሮ ቀዶ ቀለበቱ ውስጥ ጠቀጠቀና ብሎኑን አሰረው። የመንገድ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ እስከ ድሬዳዋ ያደርሳል። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት መሪውን ጥቂት ጊዜ ሲያዞረው ግን ቆርቆሮው ተጨፈለቀ።

«ለአባባ ለምን አትነግራቸውም?» አለች ብርነሽ።

«ነግሬያቸው ከዚህ በኋላ መሪ ሊሰጡኝ? ከእሑድ በኋላ እኔው ራሴ አስተካክለዋለሁ። አንቺ ዛሬን ብቻ አሳልፊልኝ።»

ወዲያው አባቷ ከምሳ ተመለሱ። ቀጥ ብለው ጀልባዋ ላይ ወጡና መሪው ፊት ተቀመጡ።

የጋራዡ ሕግ እንዲህ ነው፤ መሪ ሲፈተሽ አንዱ ከፊት ጨብጦ ይይዛል፣ ሌላው ይወዘውዛል። የሚወዘውዘው ሰው ያለው ይጸናል፤ ዛሬ የምትወዘውዘው ብርነሽ ናት። ጋሽ ሀብተወልድ ተነሥተው አያረጋግጡም፤ ማረጋገጥ «አላምንህም» ማለት ነው ይላሉ። ቃሉን ሰምተው የተጠገነውን ነገር መጀመሪያ የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። ብርነሽ አባቷን በዚህ ነገራቸው ትኮራባቸዋለች። የእሑዱ ሙከራ ደግሞ ሐይቅ ላይ ነው፤ አባቷ ዋና አያውቁም።

«ያዝኩ» አሉ ከፊት።

ብርነሽ ወዘወዘች። ብረቱ ሄደ፣ መጣ። ዩሱፍ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ መሬት መሬቱን ያያል። ብስክሌቱ ላይ ስትንገዳገድ ከኋላ ይዟት ይሮጥ የነበረው ልጅ ነው።

«እህ፣ ብርነሽ?»

«ላልቷል» አለች።

አባቷ አልተነሡም። «እንግዲያው ይፈታ» አሉ ብቻ።

ዩሱፍ ጨርቁን ጣለው። «ቆርቆሮ ነው የጠቀጠቅኩበት፣ ጋሼ።»

ጋሽ ሀብተወልድ ከመሪው ወደ እሱ ዞሩ። «ቆርቆሮ ለመንገድ ነው፣ ልጄ። ውሃ ላይ የተበላሸበት ሰው ወርዶ አይገፋም።»

ማታውን አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ለእሑድ እንደማትደርስ ሰምተው ግስላ ሆነው መጡ። እንግዶች ጠርተዋል፤ ስማቸው ሊጠፋ ነው። ጋሽ ሀብተወልድ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰሟቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሥራውን አልተከታተልኩም» አሉ። የዩሱፍን ስም አላነሡም። ዩሱፍ ተሳቢው ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርነሽን አላናገራትም። የብሎን መፍቻ ሲፈልግ እንኳ በአንጋፋው መካኒክ በእንደሻው በኩል ነበር የሚጠይቃት። እሷም ከፋት እንጂ አልተጸጸተችም። ቡሹ ከቶርኖ ቤት ሲመጣ ጋሽ ሀብተወልድ ለእንደሻው ይሰጡታል ብላ ጠብቃ ነበር። ለዩሱፍ ሰጡት። እሱም ከትምህርት ቤት መልስ አንገቱን ደፍቶ፣ ሳይቸኩል፣ ደግሞ ደጋግሞ እየለካ ገጠመው። ብርነሽ ከሩቅ እጁን እያየች፣ ኩርፊያውን ረስታ ታደንቀው ነበር።

ሲጨርስ ጋሽ ሀብተወልድ መሪውን አሳዩት። «ዛሬ አንተ ያዝ። ከኋላ ማን ይሁንልህ?»

እንደሻው እጁን ጠራርጎ ተነሥቶ ነበር። ዩሱፍ ጀልባዋ ላይ ወጣ፤ መሪውን ጨበጠ፤ ወደ ማንም አልዞረም።

«ብርነሽ ትሁን» አለ።

ብርነሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ኋላ ሄደች።

«ያዝኩ» አለ ዩሱፍ።

የጀልባዋን እግር በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ወዘወዘችው።