ስትወርድ እዚሁ ነኝ

«ስትወርድ እዚሁ ነኝ፣ እሺ?» አለችው ሃሊማ፣ የወንበሩን መቆለፊያ በእጇ እየሞከረች። ሙሀይሚን አላያትም። ዓይኑ ሰው አሳፍሮ ወደ ላይ ከሚዞረው የመዝናኛው ትልቅ ጎማ መሃል፣ ከብሎኑ ላይ አልተነቀለም። ግን ሰምቷታል፤ ሙሀይሚን ሲያዳምጥ ሰው አያይም።

ጎማው ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ወንበሩ ከመሬት ሲነሳ ሃሊማ ትንሿን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ወደ ታናሽ እህቷ ወደ ሰልሚያ ዞረች። የሃሊማ ፊት አመድ መስሏል።

«እሱ ጎማው አናት ላይ ሳይደርስ ልውጣ። ሰልሚዬ፣ አደራሽን። እማዬ እንዳለችሽ፣ ነገ ትመጣለች በይው።»

ሰልሚያ አፏን ስትከፍት እህቷ አቀፈቻት። አጥብቃ አቅፋ ወዲያው ለቀቀቻትና በጥድፊያ ወደ በሩ ሄደች። ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃት ነበር። ሻንጣዋ ጠዋቱን መናኸሪያ ደርሷል። ከቡታጅራ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዛሬውኑ ዱባይ። ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነው።

ሙሀይሚን አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሰልሚያ በአንድ ዓመት ትበልጠዋለች። ሐኪሙ «ኦቲዝም» ያለው ስድስት ዓመት ሲሆነው ነበር። እናታቸው ከጠዋት እስከ ማታ ገበያ በርበሬ ስለምትሸጥ፣ ያሳደገችው ሃሊማ ናት ቢባል ውሸት አይሆንም። ጥፍሩን የምትቆርጥለት፣ ሰዓት ማንበብ ያስተማረችው፣ የትኛው ድምፅ ጆሮውን እንደሚያመው የምታውቀው እሷ ናት። ጉብሬ ያለው ዩኒቨርሲቲ እየተማረች «አርብ እመጣለሁ» ካለችው አርብ ትመጣ ነበር። አንዴ መኪና ተበላሽቶባት፣ ዝናብ ሲወርድባት ውሎ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ገብታለች። አርብ ብላው ስለነበር ነው።

ከተመረቀች ሁለት ዓመት አለፋት። ሥራ የለም። የዱባዩ ነገር ቁርጥ ሲሆን ለሙሀይሚን የሚነግረው ሰው ጠፋ። እናቱ ሞክራ ነበር፤ «ልጄ» ብላ ጀምራ ማልቀስ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ እሷና ሃሊማ መከሩ። ከተማው ዳር ወደተከፈተው መዝናኛ ይወሰድና እዚያ ደስ ብሎት ሳለ ሃሊማ ትሂድ ተባለ። ሰልሚያን የጠየቃት አልነበረም።

ጎማው ቆመ። ሙሀይሚን ወረደና ሃሊማ ቆማበት የነበረው ቦታ ላይ ሄዶ ቆመ።

«ሃሊማ?»

«ሽንት ቤት ሄዳ ነው» አለች ሰልሚያ። ከአፏ ያመለጣት ነው፤ እንዲህ ለማለት አላሰበችም ነበር።

ሙሀይሚን ወደ ሽንት ቤቱ ሄደ። የሴቶቹ በር ፊት ቆሞ የሚወጡትን አንድ በአንድ አያቸው። ሁለት ሴቶች ተሳስቀው፣ አንዷ ደግሞ በቁጣ ገላምጣው አለፉ። የሚወጣ ሲያልቅ ተመልሶ መጥቶ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ፤ አንድ ሰዓት ያህል ከዚያ አልተነቃነቀም። የእጁን አንጓ መንከስ ጀመረ። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ሙዚቃ ሲጮህ ጆሮውን በክንዶቹ ደፈነ።

የጎማው ኦፕሬተር፣ ሸምሶ የሚባለው ወጣት፣ ሙዚቃውን ቀነሰና ጠጋ አለ።

«ሲስተር፣ ብራዘርሽ ምን ሆኖ ነው?»

«እህታችንን እየጠበቀ ነው። ሄዳለች። ዱባይ።»

ሸምሶ ራሱን አከከ። «አቦ ይከብዳል። በቃ ቤት እየጠበቀችህ ነው በይና ሸውጂው። ቤት ሲደርስ ይረሳዋል።»

ከልቡ አዝኖ ነው ያለው። ሰልሚያም ሌላ መላ አልታያትም። ወደ ወንድሟ ተጠግታ፣ «ሙሀዬ» አለችው፤ «ሃሊማ ነገ...»

«ባጃጅ» አለ ሙሀይሚን።

«ምን አልከኝ?»

«ሰማያዊ ባጃጅ። ሃሊማ በግራ በኩል ገባች። ባጃጁ ሄደ።» በጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ጎማው አናት አሳየ። ከዚያ የሃሊማን ድምፅ ቁጭ አድርጎ፣ የመጨረሻዋን ቃል ሳብ የምታደርግበትን ሳይቀር፣ «ስትወርድ እዚሁ ነኝ፣ እሺ?» አለ።

ሰልሚያ አሁን ገባት። ለካ ከላይ ሆኖ አይቷታል። ስትሄድ አይቷት፣ «እዚሁ ነኝ» ስላለችው ብቻ ወርዶ እየጠበቃት ነው።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። ሃሊማ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«የት ደረስሽ?»

«ቡኢ። ምነው? ምን ሆነ?»

«ስትሄጂ አይቶሻል። ቆሞ እየጠበቀሽ ነው። አንቺ ንገሪው።»

ሃሊማ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ይጮሃል። «አልችልም» አለች ሃሊማ። «ወላሂ ሰልሚዬ፣ ድምፁን ከሰማሁ መሄድ አልችልም። አባብለሽ ውሰጂልኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ሰልሚያ መሬት ላይ፣ ወንድሟ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ሙሀዬ፣ ስማኝ። ሃሊማ ዱባይ ሄዳለች። ለሥራ። ዛሬ አትመጣም። ነገም አትመጣም።»

ሙሀይሚን ጮኸ። በሚሽከረከሩት የመጫወቻ ፈረሶች ላይ ያሉት ሕፃናት ሁሉ ዞሩ። ጭንቅላቱን ከብረት አጥሩ ጋር ሲያጋጭ ሰልሚያ ተወርውራ መዳፏን በመሃል አስገባች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ የጣቶቿ አጥንት ከብረቱ ጋር ተላተመ፤ እጇን ግን አላነሳችም። ሰው ተሰበሰበ። «ቢስሚላህ በሉበት!» አለች አንዲት እናት። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽም ነበር። ሸምሶ እጁን ዘርግቶ፣ «ዞር በሉ በናታችሁ፣ ትርኢት አይደለም!» እያለ በተናቸው።

ሙሀይሚን ብዙ ከጮኸ በኋላ ድምፁ ተዘጋ። አጥሩን ተደግፎ ተቀመጠ። ሰልሚያ አልነካችውም፤ አጠገቡ ሆና ያበጠውን እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«አርብ?» አለ።

«አርብም አትመጣም።»

«ሌላ አርብ?»

«ሌላ አርብም አትመጣም፣ ሙሀዬ።»

ሦስተኛ አልጠየቀም። ተነሳና ወደ በሩ መሄድ ጀመረ። በሩ ላይ የቆመ ባጃጅ ሲያይ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሰልሚያ ሾፌሩን «ተወው፣ በእግራችን ነን» አለችውና የአስፋልቱን ዳር ይዘው ሄዱ። ፀሐይዋ ወደ መስቃን ኮረብቶች አዘንብላለች። ቤታቸው በእግር ሩቅ ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ጥያን አለፍን» አለች ሃሊማ። አልቅሳ አልቅሳ አፍንጫዋ ተደፍኗል። «አሁን ትንሽ ተረጋግቻለሁ። ስጪኝ ላናግረው። አርብ እመጣለሁ ካልኩት ቀለል ይለዋል።»

ሰልሚያ ቆመች። ሙሀይሚንም ሁለት እርምጃ አልፏት ሄዶ ቆመ።

«እሱን የምትይው ከሆነ አልሰጥሽም።»

«ሰልሚያ!»

«አልሰጥሽም። ሌላው ሰው ይዋሸው፤ አንቺ ግን አትችይም።»

በታላቅ እህቷ ላይ እንዲህ ተናግራ አታውቅም።

«ታዲያ ምን ልበለው?» አለች ሃሊማ፤ ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆኖ።

«የምትሄጂበትን ንገሪው። የሁለት ዓመቱ ኮንትራት ሲያልቅ በየትኛው ቀን እንደምትመጪ አታውቂም፤ እንደማታውቂም ንገሪው። ካለቀስሽም አልቅሺ።»

ስልኩን ለሙሀይሚን ዘረጋችለት። ለአፍታ ካየው በኋላ ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገና እያዳመጠ መራመድ ጀመረ። የጭነት መኪና አቧራ እያስነሳ አጠገባቸው አለፈ። ሰልሚያ ምን እንደተባለ አልሰማችም፤ ልስማ ብላም አልተጠጋችም። በአስፋልቱ በኩል ዞራ በእሱና በመኪኖቹ መካከል ሆነች፤ እርምጃዋንም ከእርምጃው ጋር አስተካከለች።