የመጤው ሳሙናና የጉድጓዱ ውኃ

በሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር በገባ በሰሞኑ፣ ዓለምን አራት ዓመት ሲያምስ የኖረው ታላቅ ጦርነት አበቃ የሚለው ወሬ በሽቦ ደርሶ፣ የወደቢቱ ከተማ ደወሎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ተደወሉ፤ የከተማው ሹም ካባውን ደርቦ ወደ ሰገነቱ ወጣ፤ የጉምሩኩ አዛዥ ዘበኞቹን አሰልፎ መድፍ አስተኮሰ፤ ባለሱቁ ሱቁን፣ ልብስ ሰፊው መርፌውን ጥሎ ወደ አደባባይ ጎረፈ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከሥራው ያልተነቃነቀ አንድ ሰው ቢኖር፣ ከቆዳ ፋቂዎቹ መንደር በስተጀርባ፣ ጥቀርሻ ባጠቆረው አዳራሽ ውስጥ በትልቅ የብረት ድስት ላይ ጎንበስ ብሎ የፈላ ሞራ የሚያማስለው ሳሙና ሠሪ ነበረ። ምን ያድርግ? ሞራ እንደሆነ ሰላም ወረደ ቢሉት መገንፈሉን አይተውም።

ይህ ሰው አገሩ ሌላ ነው። ሚስቱንና ከአባቱ የወረሰውን ረጅም መማሰያ ይዞ ባሕር ከተሻገረ ስድስት ዓመት ቢሆነውም፣ ከተማው ስሙን ለመጥራት አልደከመም፤ «መጤው» ብሎ ተገላገለው። መጤው ያላየው አበሳ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ግድግዳውን ንዶ ገና ያልደረቀውን ሳሙና ለባሕር ዓሦች አከፋፈለው፤ ቀጥሎ ድስቱ ገነፈለና እሳት ተነሥቶ ጣራውን በላው፤ ሸሪኩ የነበረው ሰው ደግሞ «ካንተ ጋራ መክበር ምጽአትን መጠበቅ ነው» ብሎ በቅሎውንና ጋሪውን ይዞ ሄደ። ጎረቤቶቹ «ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ብለው ሲያዝኑለት፣ «እኔ መች ወደቅሁ?» እያለ ግድግዳውን አቆመ፤ ጣራውን አለበሰ፤ ጋሪ ቢያጣ ሳሙናውን በትከሻው ተሸክሞ ዞረ።

ያን ዕለት ሚስቱ እያለከለከች ገባች።

«ሰማህ? ሰላም ሆነ እኮ! ምነው፣ ደስ አይልህም እንዴ?»

«ሰማሁ። እንግዲህ መርከቦቹ ይመጣሉ።»

ሚስቱ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ። ጦርነቱ ባሕሩን ስለ ዘጋው የውጭ ሳሙና ጠፍቶ፣ ከተማው የመጤውን ሳሙና ይገዛ የነበረው ወዶ ሳይሆን ቸግሮት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ መርከብ መመላለስ በጀመረ ጊዜ ሥራው ካልጸና በዚያው መርከብ ወደ እናቷ አገር ሊመለሱ ተስማምተው፣ የጉዞው ሣጥን ከአልጋው ግርጌ ታስሮ ተቀምጦ ነበረ። እሷ እናቷ ትናፍቃታለች፤ እሱ ግን ከዚህ ድስት ቢለይ ምን ሆኖ እንደሚኖር አያውቅም ነበር።

በማግስቱ የልብስ አጣቢዎቹ አለቃ መጣች፤ ክንዷ የመርከበኛ፣ ምላሷ ከክንዷ የበረታ ባልቴት ናት። የሐኪም ቤቱን አንሶላ፣ የሹሙን ሸሚዝ፣ የዘበኞቹን ሱሪ የምታጥበው እሷ ከነጭፍሮቿ ስለነበረች፣ እሷ የጠላችው ሳሙና በከተማይቱ ውስጥ ማደሪያ የለውም።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጦርነቱም አለቀ፤ አንተም አለቀልህ» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

«ምነው እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምን ያላጠፋኸው አለ! ሳሙና ብለህ እርጎ ስትሸጥልን ከረምህ። ሸሚዙ ላይ ነጭ ነጩ ይለጠፋል፤ አረፋማ አይታሰብ። የድሮው የመርከብ ሳሙና እንዲህ አልነበረም። ሌላ ስላጣን ቻልንህ።»

የመጤው ደም ፈላ። «የአባቴ የአያቴ ሳሙና ነው! ባዕድ ነገር አልገባበትም። ሚስቴ በሱ ስታጥብ አረፋው ከገንዳው ተርፎ ይፈስሳል!»

«ሚስትህማ ትወድሃለች» አለችና ከት ብላ ሥቃ ሄደች።

ነገሩ አላስተኛውም። ሲነጋ የገዛ ሸሚዙን ጠቅልሎ ከትልቁ ጉድጓድ ዙሪያ ወደሚገኘው ማጠቢያ ወረደ፤ ከሴቶቹ መካከል በርከክ ብሎ ያሽ ጀመር። ወንድ ልጅ ልብስ ሲያጥብ ያዩ ሴቶች መቼም ዝም አይሉም፤ አንዷ «ሚስትህ አባረረችህ እንዴ?» ትላለች፤ ሌላዋ «ጠንከር በል እንጂ፣ ድመት ነው የምትዳብሰው?» ትላለች። እሱ ግን አልሰማቸውም፤ ዐይኑ ውኃው ላይ ቀረ። አረፋ የለም፤ ውኃው እንደ ተቆራረጠ ወተት ነጭ ነጭ ብሎ ደፈረሰ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጉድጓድ ሳሙና ሲሸጥ አንድ ቀን እንኳ በጉድጓዱ ውኃ አጥቦ አያውቅም ነበር፤ ሚስቱ የምታጥበው ከጣራ በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነው። እቤቱ ተመልሶ ከዚያው ቁራጭ በዝናቡ ውኃ ቢሞክር አረፋው እስከ ክንዱ ተነሣ። ሳሙናው ጥሩ ነበር፤ ግን ድንጋይ ለድንጋይ ሲመጣ የድንጋዩን ኖራ ለጠጣ ውኃ አልተሠራም። መጤው ከልቡ ዐፈረ።

መድኃኒቱን ያውቃል፤ የጨነቀውም ማወቁ ነው። የልብስ ሶዳ ቢጨምርበት ሶዳው የውኃውን ክፋት ይሰብርለታል። ነገር ግን በአባቱ ቤት ሶዳ የሌባ ዕቃ ነበረ፤ ጥቂቷን ሳሙና አብዝተው ለመሸጥ አጭበርባሪዎች የሚጨምሩት እሱን ነውና፣ አባቱ በዚህ ምክንያት የገዛ ወንድሙን «ከማዕዴ እንዳትቀርብ» ብሎ አባሮት ነበር።

«አባቴ ቢያየኝ ይረግመኛል» አላት ሚስቱን።

«አባትህ ከዚህ ጉድጓድ ቀድቶ ሸሚዝ አጥቦ ያውቃል?»

«ኧረ የት አይቶት!»

«እንግዲያው ምን አገባው!» ብላ በራሷ አፍ ደነገጠችና «ነፍሱን ይማረው» አለች ቶሎ ብላ።

«አንቺስ ወደ እናትሽ መሄድ አልነበረም የምትፈልጊው?»

«ብሄድም ተሸንፌ አልሄድም። በል እሳቱን አንድደው።»

የመጀመሪያው ሶዳው በዝቶበት የመጤውን መዳፍ ላጠው፤ የሚቀጥለው ሲደርቅ እንደ አሮጌ ግድግዳ ተፈረፈረ፤ የሚቀጥለው ደግሞ መልሶ እርጎ ሆነ። እሱ ግን ከእያንዳንዱ ድስት የወጣውን በራሱ እጅ ሳያሽ ለማንም አላሳየም፤ እጁ ሲቆስል በጨርቅ ጠቅልሎ ያማስላል፤ ሲሽር ያጥባል። ሚስቱ ስታዝንለት «ተዪው፣ ቆዳ ይበቅላል» ይላት ነበር።

የካቲት ሲብት መርከቡ እያጓራ ገባ። ሹሙ ንግግር አደረገ፤ ሣጥኖቹ ወረዱ፤ አበባ የተሣለበት ወርቃማ ወረቀት የለበሰ ሳሙና በየሱቁ ተደረደረ። በሦስተኛው ቀን መጤው ቅርጫቱን ተሸክሞ ወደ ጉድጓዱ ወረደ፤ በአጣቢዎቹም ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እትዬ፣ አዲስ ሳሙና ሠርቻለሁ። ሶዳ አለበት። አባቴ ሌብነት ይለው ነበር፤ እኔ የጨመርሁት ለማብዛት ሳይሆን ለዚህ ውኃ ብዬ ነው። እንዳለበት ዐውቃችሁ ሞክሩት።»

አለቃዪቱ አንድ የሐኪም ቤት አንሶላ ዘረጋች፤ ግማሹን በመርከቡ፣ ግማሹን በመጤው ሳሙና አሸች። ሴቶቹ ከበቧት። አረፋው በዚህም በዚያም ተነሣ፤ አለቀለቀችው፤ ለፀሐይ አንሥታ አየችው።

«እኩል ናቸው» አለች።

መጤው ቅርጫቱን ሊያነሣ እጁን ሰደደ። እኩልማ ከሆነ ባለ ወርቁን ወረቀት ማን ይተዋል?

«እስቲ እጅህን አሳየኝ።» ዘረጋላት። የተላጠውን መዳፉን ገልብጣ አየች፤ ከንፈሯን መጠጠች፤ ወደ ሴቶቹም ዞረች። «ስሙኝ! የመርከቡ ሳሙና የከፋ ጊዜ ማንን ሄጄ ልሳደብ? ባሕሩን? የዚህን ደጅ ግን ዐውቀዋለሁ። ከእንግዲህ የምናጥበው በዚህ ነው።»

«ይምጡና ይስደቡኝ እትዬ፤ በሬ ክፍት ነው» አለ መጤው፤ እንባው እንዳይታይበትም ቅርጫቱ ላይ አጎነበሰ።

እቤት ሲደርስ ሚስቱ የጉዞውን ሣጥን ገመድ እየፈታች አገኛት። ለመሄድ የምትሰናዳ መሰለው፤ እሷ ግን ልብሶቹን አውጥታ አዲሱን ሳሙና ትደረድርበት ጀመር።

«ማድረቂያ ቦታ አልበቃንም።»

«እናትሽስ?»

«ትምጣና ትየን።»

እናትየዋም በዓመቱ መጣች፤ እዚያው አረጀች። አዳራሹ ከዓመታት በኋላ ትልቅ ጭስ መውጫ ያለው ፋብሪካ ሆነ፤ ዳግመኛም ተቃጠለ፤ ዳግመኛም ተሠራ። የከተማይቱ ታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዘመን ነገር ሲጽፉ የሰላሙን ደወል፣ የአዛዡን መድፍና የሹሙን ንግግር አልዘነጉም፤ የመርከቡን ስም እንኳ ጽፈዋል፤ ስለ ሳሙና ሠሪው ያሰፈሩት ቃል የለም፤ እውነተኛ ስሙን ዛሬ የሚያውቅ አይገኝም። ነገር ግን የከተማይቱን ልጅ እናቱ ሳሙና ግዛ ብላ የላከችው እንደሆነ፣ ከባንኮኒው ሥር ቆሞ «አንድ መጤ ስጠኝ» ይላል፤ ለምን እንዲህ ይባላል ብለው ቢጠይቁት ግራ ገብቶት ያይዎታል፤ «የእኛ ሳሙና ነዋ!» ይላል።