ወንዝ ዳር የነገርኩህ

ናዳው መንገዱን ባይዘጋው ኖሮ ኤርሜሊንዳ ቴኩ ያንን ሰው አታውቀውም ነበር። አንዳንዴ ሆድ ሲብሳት ባላወቅኩት ይሻለኝ ነበር ትላለች፤ ግን አፏን ሞልታ አትለውም። የሆነው ሆኖ ዝናብ ነበር፣ ተራራው ተናደ፣ ከሳላማ ወደ ራቢናል የሚሄደው ሚኒባስም ተሳፋሪዎቹን እንደጫነ አራት ሰዓት ሙሉ ጭቃ ላይ ቆመ።

አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት የከተማ ጫማ ተጫምቷል። እስከ አገጩ የሚደርስ የፋይል ቁልል ጭኑ ላይ ታቅፎ፣ ሰው የሚቀማው ይመስል ሙጭጭ ብሎበታል። ኤርሜሊንዳ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንላትም።

«ይህን ሁሉ ታነበዋለህ?»

«ማንበቡስ ቀላል ነው፤ መሸከሙ ነው የገደለኝ።»

«ጠበቃ ነህ?»

«ነኝ።»

«የማን?»

ትንሽ አቅማማ። «የመንግሥት።»

«ውይ ምስኪን!» አለች። «ምነው፣ ሌላ ደንበኛ ጠፋ?»

ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ወጣቱ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። ኤርሜሊንዳ ከቅርጫቷ ብርቱካን አውጥታ ላጠችና ግማሹን ሰጠችው። ሁለቱም እጆቹ በፋይል ተይዘው ስለነበር እንዴት እንደሚቀበላት ግራ ገባው። አፉ ላይ አደረገችለት። ዓይኖቻቸው የተገጣጠሙት ያኔ ነው፤ ሁለቱም ቶሎ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ስሙ ኦስማር ሌአል ነበር። መሥሪያ ቤቱ ዋና ከተማው ላይ ነው። አገሪቱ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በሰብዓዊ መብት ጥሰት ስትከሰስ መልስ የሚጽፈው የእሱ ቢሮ ነው። እሷ ደግሞ በራቢናል ፍርድ ቤት የአካባቢውን ነባር ሕዝብ ቋንቋ፣ አቺን፣ ወደ ስፓኒሽ፣ ስፓኒሹንም ወደ አቺ ታስተረጉማለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም።

ከዚያ ወዲህ ኦስማር በየሁለት ሳምንቱ ለሥራ ነው እያለ ይመጣ ጀመር። ይህን ያህል ሥራ ራቢናል ውስጥ እንደሌለ የከተማው ሰው በሙሉ ያውቃል። እናቷ፣ በአክብሮት ናን ፔትሮና የምትባለው፣ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አይታ በአቺ ቋንቋ ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች?»

«እንኳን ደህና መጣህ አለች።»

«ያን ሁሉ አውርታ?»

«ቀጭን ነህ ብላለች። ጫማህም አላማራትም። በቃህ?»

ናን ፔትሮና ግን የበቆሎ አጥሚት ሁለት ጊዜ ቀዳችለት። ኦስማርም አልጠገብኩም ለማለት በአቺ የተማራትን ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ሰባብሮ ተናገረ። አሮጊቷ እስክታነባ ሳቀች። ኤርሜሊንዳ እናቷ እንዲያ ስትስቅ ካየች ስንት ዓመቷ! ይህን ሰው እንደምትወደው ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ስለ አባቷ የነገረችው በግንቦት ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወንዝ ዳር ተቀምጠው ነው። ለማንም ነግራ አታውቅም።

«እኔ በሆድ ሳለሁ ነው የወሰዱት። በ1982። ገበያ ላይ። ወታደሮቹ ‹ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል› አሏት እናቴን። በቃ። ጦር ካምፑ በር ላይ ስንት ቀን ቆመች፤ ‹እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም› አሏት።»

ኦስማር እጇን ያዘ። እሷም ቀጠለች።

«በ1985 በህልሟ ይመጣባት ጀመር። ከንፈሩ ደርቆ፣ ‹ፔትሮና ውሃ› ይላታል። እኛ ጋ የሞተ ሰው ሥርዓቱ ካልተደረገለት ይጠማል። አዛውንቶቹ ‹በይ ሞቷል በይና አጠጪው› አሏት። ሬሳ የለ! ባርኔጣውን ሰሌን ላይ አጋድማ፣ ሻማ አብርታ፣ ዘጠኝ ቀን ጸለየችለት። ማሪምባ የሚመታው ሰውዬ ወታደር እንዳይሰማ የማሪምባውን እንጨቶች በጨርቅ ሸፍኖ መታ። ሞቷል ብላ አይደለም፤ እንዳይጠማ ነው። ዛሬም በር ሲንኳኳ ከሁሉ በፊት የምትነሳው እሷ ናት።»

ኦስማር እጇን ሳይለቅ፣ «ልንገርሽ?» አላት። «እናትሽ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የመሠረተችው ክስ እኛ ቢሮ ነው። ሌላ ሰው ነው የያዘው። የአንቺ አባት መሆኑን አላወቅኩም ነበር፤ ቴኩ የሚባል እዚህ አገር መዓት ነው። እኔ አልነካውም። እምልልሻለሁ።»

«ትምላለህ?»

«በእናቴ።»

አመነችው። የሚታመን ፊት ነበረው፤ እውነቱን ለመናገር ውሸታምም አልነበረም። ክፋቱም እሱ ነው።

በሚቀጥለው መስከረም እናትና ልጅ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍረው ኮስታ ሪካ፣ ሳን ሆሴ ሄዱ። ሃያ ስምንት ዓመት የተጠበቀው ክስ በሰባት ዳኞች ፊት ሊሰማ ነው። ናን ፔትሮና የፈለገችው ገንዘብ አልነበረም። «እኔ ነኝ የወሰድኩት ይበል» ነው የምትለው። መንግሥትን እንደ አንድ ሰው ነበር የምታስበው።

ኦስማር በመንግሥት ጠበቆች ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ኤርሜሊንዳ ስታየው ልቧ ድንግጥ አለ። ፋይል ሊሸከም መጥቶ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ቀና ብሎ አላያትም።

አለቃው ዶን ኤልፊዶ ተነሳ። ድምፁ ትሁት፣ ከረባቱ የተስተካከለ ሰው ነው።

«ክቡራን ዳኞች፣ አገራችን የዚህን ፍርድ ቤት ሥልጣን የተቀበለችው በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ያለቀ ጉዳይ እዚህ አይታይም። አመልካቾች ‹የተሰወረ ሰው እስኪገኝ ድረስ ጥፋቱ በየቀኑ ይቀጥላል› ይላሉ። መርሁን አንክድም። ነገር ግን ቤተሰቡ ራሱ አቶ ሴፌሪኖ ቴኩ መሞታቸውን ተቀብሎ፣ በ1985 በባህሉ መሠረት የዘጠኝ ቀን ጸሎት አድርጎ ሸኝቷቸዋል። ባርኔጣቸው ተጋድሞ፣ ማሪምባ ተመትቶ። እንግዲህ ለዚህ ቤተሰብ መሰወሩ ያበቃው ያኔ ነው።»

ኤርሜሊንዳ ክው አለች። እናቷ ክንዷን ጎተተቻት።

«ምን አለ? አስተርጉሚልኝ እንጂ!»

በሙያዋ ቃል ቀንሳ አታውቅም። እናቷ ጆሮ ላይ ተጠግታ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ባርኔጣውን፣ ሰሌኑን፣ ማሪምባውን። ናን ፔትሮና አዳምጣ ስትጨርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማን ነገራቸው?»

ኤርሜሊንዳ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ተመለከተች። አሮጊቷም ዓይኗን ተከትላ ተመለከተች።

እናቲቱ ለምስክርነት ስትቀርብ የመሐል ዳኛው በለሆሳስ ጠየቋት። «እማማ፣ ያን ጸሎት ሲያደርጉ ባለቤትዎ ሞተዋል ብለው ያምኑ ነበር?»

«ጠማኝ አለኝ፤ አጠጣሁት» አለች ናን ፔትሮና። «ቀበርኩት አላልኩም። የሚቀበረውን መቼ ሰጡኝ? እኚያ ሰውዬ በ1985 አለቀ ካሉ፣ የት እንዳለቀ ያውቃሉ ማለት ነው። ይንገሩኝና ልሂድላቸው።»

ዶን ኤልፊዶ ወረቀቱን አገላበጠ።

ኦስማር ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስሚኝ፣ ኤርሜ። አንድ ጊዜ ብቻ ስሚኝ። ለአለቃዬ ማስታወሻ ጻፍኩ። ‹እነዚህ ሰዎች ባርኔጣ ታቅፈው እስኪያለቅሱ አድርሰናቸዋል፣ አንከራከር፣ ይቅርታ እንጠይቅ› ብዬ ነው የጻፍኩት። ልቡ ይራራል ብዬ! እሱ 1985 የምትለዋን ዓመት ብቻ መዞ አወጣት።»

«መቼ አወቅክ?»

«ከሦስት ቀን በፊት።»

«ሦስት ቀን!»

«ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ… ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«አልነካውም ብለህ ምለህልኝ ነበር።»

«ቢሮው ነው እንጂ እኔ…»

«ቢሮው ወንዝ ዳር አልነበረም» አለችው። «የነገርኩህ ላንተ ነው። ለኦስማር። አንተ ነህ ወስደህ ለመንግሥት የሰጠኸው።»

እንባዋ መጣ፤ እሱ ፊት ላለማልቀስ ብላ ዞራ ሄደች።

ፍርዱ በዓመቱ ወጣ። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ጸሎት ሰውን አያስገኝም አሉ፤ የት እንዳደረሰው እስኪናገር ድረስ የሰወረው መንግሥት በየቀኑ ተጠያቂ ነው፣ ይፈልግ፣ በአደባባይም በሁለት ቋንቋ ይቅርታ ይጠይቅ ብለው ወሰኑ። ባርኔጣውን ያነሳው ክርክር ውድቅ ሆነ። ኤርሜሊንዳ ግን ውሳኔውን ስታነብ ባርኔጣው የተጠቀሰበት አንቀጽ ላይ በደረሰች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። የእናቷ ምስጢር ማንም በሚገዛው መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል።

የይቅርታው ቀን ራቢናል አደባባይ ላይ ድንኳን ተተከለ። አንድ ባለሥልጣን በሄሊኮፕተር መጥቶ ቶሎ ቶሎ አነበበ። ወደ አቺ የሚያስተረጉም ሌላ ሰው ስላልተገኘ ኤርሜሊንዳ ራሷ ቆመች። «መንግሥት ሴፌሪኖ ቴኩን እንደወሰደ፣ እንደሰወረም ያምናል» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፏ ተቆረጠ። ናን ፔትሮና ከፊት ወንበር ሆና፣ «ድገሚው» አለቻት። ደገመችው። አሮጊቷ አሁንም ድገሚው አለች። ባለሥልጣኑ ሰዓቱን እያየ ሦስት ጊዜ ተደገመ።

ሰው ሲበተን ኦስማር ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ቆሞ አገኘችው። ሥራውን ለቋል። የባሰ ከስቷል።

«እዚሁ ቅርብ፣ ሳላማ፣ ቢሮ ልከፍት ነው» አላት። «ለእናንተ ሰዎች ልቆም። ይቅር በዪኝ ለማለት ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ ነው የመጣሁት።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ።»

«እንግዲያስ?»

ኤርሜሊንዳ የሸሚዙን ቁልፍ አየች፤ አንዱ ሊወልቅ ነው፣ የሚሰፋለት የለም። እጇ ሊዘረጋ ሲል ሰበሰበችው።

«እወድሃለሁ፣ ኦስማር። ይህን አትጠራጠር። ግን ካንተ ጋር ሳወራ አሁን ቃል እመርጣለሁ። ይህችን ልበል፣ ይህችን ልተው እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ፍርድ ቤት ስመርጥ እውላለሁ፤ ቤቴም ገብቼ ከባሌ ጋር ልመርጥ? አልችልም።»

«እጠብቅሻለሁ።»

«አትጠብቀኝ። እኛ ቤት ሰው መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ፊቱን አዙሮ ሄደ። እሷ ተከትላ ልትጠራው ሁለት እርምጃ ተራመደች። ሦስተኛውን አልተራመደችም።

ስድስት ዓመት አለፈ። ሳላማ ውስጥ ቢሮ ከፍቶ እንደሚሠራ ትሰማለች፤ ስሙ ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች። በስድስተኛው ዓመት ከድሮው ጦር ካምፕ ግቢ አጥንት ወጣ፤ ከኤርሜሊንዳ በተወሰደ ደም ተመረመረ፤ ሴፌሪኖ ቴኩ ሆኖ ተገኘ።

ሬሳ ሳጥን የሚሸከመው ከሟች ወገን የሆነ ወንድ ነው። ከቴኩ ቤት ወንዶች ግን በ1982 ከወታደሮቹ እጅ የተረፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። አራተኛው ጎን ባዶ ሆኖ ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ፣ ኦስማር ከኋላ መጣ። ጣቱ ላይ ቀለበት አለ። ሳይጠጋ በፊት ናን ፔትሮናን አያት። አሮጊቷ ብዙ ካየችው በኋላ በአገጯ ወደ ባዶው ጎን አመለከተችው። ገብቶ ተሸከመ።

ሳጥኑ በጣም ቀላል ነበር። ኤርሜሊንዳ ከጎን እየሄደች የትከሻውን መንቀጥቀጥ ታያለች፤ ክብደቱ እንዳልሆነ ገብቷታል።

ከቀብሩ በኋላ አፈሩን ከእጁ እያራገፈ ሊሰናበታት መጣ።

«አገባህ» አለችው።

«አገባሁ። ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ አለችን።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ሬጂና።»

«ደስ ይላል።» እውነቷን ነው፤ ደስ ብሏታል።

«አንቺስ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ሂድ፣ መኪናው ያመልጥሃል።»

ሄደ። ከመቃብሩ በር ሲወጣ አንድ ጊዜ ዞረ፤ እሷ ግን ወደ አዲሱ አፈር ዞራ ስለነበር አላየችውም። ከዚያ ተንበረከከችና አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ኮሪደሩ ላይም አደባባዩም ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ። አባቷን አታውቀውም፤ መልኩን እንኳ አታውቅም።

ናን ፔትሮና አጠገቧ ተቀምጣ ጀርባዋን ትዳብስላት ጀመር።

«አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ» አለቻት። «አባትሽ አይደል?»

ኤርሜሊንዳ አላረመቻትም።